የቡችላው ጠማማ እግርና የፀሐይ ነገር

ከቡሬ ወደ እንጅባራ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ጥሊሊ በክረምት ፀሐይ የሚናፈቅባት የደጋ ከተማ ናት። አንድ አዛውንት የፊት እግሮቹ እንደ ደጋን የጎበጡ ቡችላ በጋቢያቸው ሸፍነው ያመጡልኝ በዚያው ወራት ነበር። «ፀሐይ አጥቶ ነው፤ መስከረም ሲጠባ ይቃናለታል» አሉኝ። እኔም አምኜ አሰናበትኋቸው። ስሕተቴ የገባኝ የበሽታውን ታሪክ ካነበብሁ በኋላ ነው።

ሪኬትስ በአውሮፓ የኢንዱስትሪ ከተሞች ጭስ ውስጥ ያደጉ ሕፃናትን እግር ሲያጣምም ኖሯል። ከፊሉ ሐኪም መንሥኤው የፀሐይና የንጹሕ አየር እጦት ነው ሲል፣ ከፊሉ የምግብ ጉድለት ነው ይል ነበር። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ሜላንቢ ክርክሩን በቡችሎች ፈተነው። በቤት ውስጥ ዘግቶ ስቡ በወጣለት ወተትና በዳቦ ሲያሳድጋቸው እግራቸው ጎበጠ፤ የኮድ ዓሣ ጉበት ዘይት የተጨመረላቸው ግን ደኅና ሆነው አደጉ። ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1919 አሳተመ። የሚያስደንቀው፣ በዚያው ዓመት ኩርት ሁልድሺንስኪ በርሊን ላይ ሕፃናትን በመብራት ጨረር ብቻ መፈወሱ ነው። በ1922 አሜሪካዊው ኤልመር ማኮለም በዓሣው ዘይት ውስጥ ያለው ፈዋሽ ነገር ከቫይታሚን ኤ የተለየ መሆኑን አሳየ፤ ቫይታሚን ዲ የምንለውም ይኸው ነው። የሰው ቆዳ ይህንኑ ነገር በፀሐይ ብርሃን ይሠራዋል። ስለሆነም ሁለቱም ወገኖች እውነት ነበራቸው።

ፀሐይ በማይጠፋባት አገራችንም ሕፃናት ከዚህ በሽታ አላመለጡም። ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው በ1997 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የአዲስ አበባ ጥናት፣ የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት መካከል 210ሩ ሪኬትስ ነበረባቸው፤ ምች ካልያዛቸው 500 መካከል ግን 20ዎቹ ብቻ። ለእነዚህ ሕፃናት «ፀሐይ አሙቋቸው» ማለት ተገቢ ምክር ነው።

ለውሻ ግን አይደለም። በ1994 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድ የዩትሬክት ተመራማሪዎች የውሻ ቆዳ ቫይታሚን ዲን በበቂ መጠን መሥራት እንደማይችል አረጋገጡ። የሜላንቢ ቡችሎች ደጅ ወጥተው ቢውሉም ብዙ ባልተጠቀሙ ነበር። እንስሳው ራሱ ለምግብ ወገን ያደላ ምስክር ነበር ማለት ነው።

እርግጥ የጎበጠ እግር ሁሉ ሪኬትስ አይደለም። በውሻ ክንድ ውስጥ ራዲየስና አልና የተባሉ ሁለት አጥንቶች ጎን ለጎን ያድጋሉ። አልና አብዛኛውን ርዝመቱን የሚያገኘው ከታችኛው ጫፉ፣ ከአንጓው አጠገብ ካለው የዕድገት ሥፍራ ነው። ይህም ሥፍራ ሾጣጣ ስለሆነ፣ ቡችላው ሲወድቅ ወይም ፈረስ ሲረግጠው (በአዊ አገር ፈረስ ብርቅ አይደለም) በቀላሉ ይጨፈለቃል። አልና ማደጉን ሲያቆም ራዲየስ ግን ማደጉን ስለማይተው ይደገናል፤ መዳፉም ወደ ውጭ ይዞራል። እንዲህ ያለውን ዘይትም ወተትም አያቃናውም። መፍትሔው ዕድገቱ ሳይፈጸም ከአልና ቁራጭ አውጥቶ ራዲየስን ነጻ ማድረግ ነው። ጉዳቱም ብዙውን ጊዜ በአንድ እግር ብቻ ይታያል።

የአዛውንቱ ቡችላ የጎበጡት ሁለቱም እግሮቹ ነበሩ። ቅቤው ገበያ በሚወጣበት ቤት ለውሻ የሚደርሰው አጓትና የእንጀራ ፍርፋሪ ነው፤ ከሜላንቢ ስብ አልባ ወተትና ዳቦ ብዙም አይርቅም። ያን ዕለት እግሩን ዳሰስሁ፣ ሙቀቱን ለካሁ፤ ምን እንደሚበላ ግን አልጠየቅሁም። በጥቅምት እንደገና ሳየው አጥንቱ እንደጎበጠ ጠንክሮ ነበር።