ባለመዶሻው አምላክና የቀይ ተራራ ብረት

ሐውልት ዝም ያለ ነገር ይመስላል እንጂ ይናገራል። ጎብኚ የሚናገረውን ሰምቶ፣ ፎቶግራፉን አንስቶ ይመለሳል። የታሪክ ተማሪ ግን ምኑን ዝም እንዳለም መጠየቅ አለበት። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን በአሜሪካ ደቡብ፣ በአላባማ ግዛት፣ በበርሚንግሃም ከተማ አናት ላይ የቆመው የቩልካን ሐውልት ነው። (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በርሚንግሃም የተቆረቆረችው በ1871 የባቡር ሐዲዶች በሚገናኙበት ሜዳ ላይ ነው። ብረት ለማቅለጥ ሦስት ነገር ያስፈልጋል፤ የብረት ማዕድን፣ እሳቱን የሚያነድ የድንጋይ ከሰል፣ ቆሻሻውን ከብረቱ የሚለይ የኖራ ድንጋይ። ሌላው ዘንድ አንዱ ከሩቅ ተጭኖ ይመጣል። እዚህ ግን ሦስቱም በከተማይቱ ዙሪያ ተገኙ። ቀይ ተራራ የተባለው ሸንተረር እንኳ ስሙን ያገኘው ከሆዱ ውስጥ ካለው የብረት ማዕድን ነው። ከተማይቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ስላበጠች «አስማተኛዋ ከተማ» አሏት።

በ1904 በሴንት ሉዊስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ሲከፈት የከተማይቱ ነጋዴዎች ብረታቸውን የሚያስተዋውቅ ነገር ፈለጉ። ጁሴፔ ሞሬቲ የተባለው ኢጣሊያዊ ቀራጭ 17 ሜትር የሚረዝም፣ ከ45 ቶን በላይ የሚመዝን ቩልካንን ሠራላቸው። ብረቱ ከስሎስ ማቅለጫ የወጣ ነበር። ሐውልቱ ታላቁን ሽልማት አገኘ፤ ቀልጦ በፈሰሰ ብረት ከተሠሩት ሐውልቶች መካከል ዛሬም በዓለም ትልቁ እሱ ነው። ምርጫውም ደስ ይላል። ቩልካን የሮማውያን የእሳት አምላክ ነው፤ አንካሳ፣ ሽርጥ የታጠቀ፣ ከመስፍና ከመዶሻ የማይለይ ቀጥቃጭ። ከአማልክቱ ሁሉ ላቡን አፍስሶ የሚሠራው እሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከኤግዚቢሽኑ ሲመለስ ግን ማን ይቀበለው! በትርዒት ሜዳ ላይ ክንዱ ተጣምሞ ተገጠመና የአይስ ክሬም ማስታወቂያ አስያዙት። ወደ ተራራው የወጣው በ1930ዎቹ ነው፤ መናፈሻው በ1939 ተመረቀ። ውስጡ በኮንክሪት ስለተሞላ፣ ኮንክሪቱና ብረቱ በሙቀት እኩል ስለማይሰፉ፣ አካሉ እየተሰነጠቀ ሄደ። በ1999 አወረዱት፤ ታድሶ በ2004 ከነሙዚየሙ ለሕዝብ ተከፈተ።

እንግዲህ ዝም ወዳለው ነገር እንምጣ። ያ ሁሉ ከሰል በማን እጅ ተቆፈረ? ከባርነት መወገድ በኋላ በአላባማ ጥቁሮች «ሥራ ፈት» እየተባሉና በጥቃቅን ክስ እየተያዙ ይታሰሩ ነበር። መቀጮውንና የፍርድ ቤቱን ወጪ መክፈል ያቃተው ዕዳውን በጉልበቱ ይክፈል ተብሎ ለማዕድን ኩባንያ ይከራያል። ኪራዩን የሚቀበለው መንግሥት ነው። የሐውልቱን ብረት ያወጣው የስሎስ ኩባንያም እስረኞችን እየተከራየ ከሰል ያስቆፍር ነበር። በ1911 በከተማይቱ አቅራቢያ ባነር በተባለው ማዕድን ፍንዳታ 128 ሰዎችን ሲገድል፣ አብዛኞቹ እንዲህ የተከራዩ ጥቁር እስረኞች ነበሩ። አላባማ ይህን ሥርዓት የተወችው በ1928 ነው፤ ከክፍለ ግዛቶቹ ሁሉ የመጨረሻዋ።

አንድ ነገር ልጨምር። በ1946 በቩልካን እጅ ላይ የኤሌክትሪክ ችቦ ተሰቀለ። ሌላ ጊዜ አረንጓዴ ያበራል፤ በመኪና አደጋ ሰው የሞተ ዕለት ቀይ ይሆናል። ቁም ነገር ነው፣ ማንም አይነቅፈውም። ችቦው እስከ እድሳቱ ድረስ የአስፋልቱን ሟች ለከተማው ሁሉ ሲያረዳ ኖረ። ለማዕድኑ ሟቾች ግን ቀይ መብራት አልበራላቸውም፤ እነሱ ሲሞቱ አምላኩ ገና በትርዒት ሜዳ ላይ ሸቀጥ ይሸጥ ነበር።

ሐውልቱ ይፍረስ ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ቀጥቃጭን ከተራራ አናት ላይ ያወጣ ከተማ ሊመሰገን ይገባዋል፤ ሌላው ቦታ የሚቆመው ባለፈረስና ባለሰይፍ ነውና። ነገር ግን የሥራን ክብር በአምላክ መልክ አቁሞ ሠራተኛውን መርሳት ይቻላል። መርሳቱም ቀላል ነው፤ አምላክ አይራብም፣ አይታሰር፣ ፍንዳታም አይገድለውም። እዚያ ተራራ ላይ የወጣ ሰው ቁልቁል ከተማይቱን ሲያይ የቆመበት ቀይ መሬት ራሱ ሰነድ መሆኑን ልብ ይበል። ያንን ሰነድ ለማንበብ ቀና ማለት ብቻ አይበቃም፤ ጎንበስም ማለት ያስፈልጋል።