ስልኩ የማን ነው? ከሩት እስከ ሺዙኩ

የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክ ጂ1 ይባላል። በ2008 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) አሜሪካ ውስጥ ለገበያ በቀረበ በሳምንታት ውስጥ ጉዱ ወጣ። ተጠቃሚው የሚጽፈውን ሁሉ ስልኩ በስውር እንደ ትእዛዝ ይቀበል ነበር። «ሪቡት» ብሎ ለወዳጁ ሲጽፍ ስልኩ ጠፍቶ ይነሳል! ትእዛዙ የሚፈጸመው በ«ሩት» ሥልጣን ነው፤ አንድሮይድ ከሊኑክስ የወረሰው፣ ምንም በር የማይዘጋበት የበላይ አስተዳዳሪ ማለት ነው።

ጎግል ቀዳዳውን ቶሎ ደፈነው። በገንዘባቸው የገዙትን ዕቃ እንደ ልባቸው ማዘዝ የፈለጉ ሰዎች ግን ሌላ ቀዳዳ መፈለጋቸውን ቀጠሉ። በሐምሌ 2010 ሕጉም በከፊል አገዛቸው፦ በሕጋዊ መንገድ የተገኘ መተግበሪያ ለማሠራት ሲባል የስልክን እገዳ መስበር በአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ እንዳያስጠይቅ ተወሰነ።

በሕግ ረቱ፤ የተሸነፉት በሌላ በኩል ነው። ብዙ የባንክ መተግበሪያዎች ሩት የተደረገ ስልክ ላይ አንሠራም አሉ። በ2016 ታይዋናዊው ጆን ዉ ሩትን ከምርመራ መደበቅ የሚችለውን ማጂስክ አወጣ። በ2021 ግን እሱ ራሱ ጎግል ተቀጠረ፤ መደበቂያውም ከማጂስክ ወጣ።

ዛሬ ብዙዎች የሚመርጡት እንደ ሺዙኩ ያሉትን ነው። ሺዙኩ ሰብሮ አይገባም። ጎግል ለመተግበሪያ ሠሪዎች በተወው ኤዲቢ በተባለ በር ያልፋል። በ2020 ከአንድሮይድ 11 ጋር ይህ በር በዋይፋይ ስለተከፈተ ኮምፒውተር እንኳ አያስፈልግም። ከፋብሪካ ተጭኖ የመጣ አላስፈላጊ መተግበሪያን ከእይታችሁ ያስወግዳል፤ ፈቃድ ይሰጣል፣ ይነሳል። የሌላ መተግበሪያን የግል ማኅደር ግን ማየት አይችልም። ስልኩ ጠፍቶ ሲነሳም ሥልጣኑ አብሮ ይጠፋል፤ እንደገና መጀመር ያስፈልገዋል።

ለአብዛኞቻችን ይህ ይበቃል ባይ ነኝ። ሩት ያገኘ አንድ ተንኮለኛ መተግበሪያ መልእክታችሁን፣ ፎቷችሁን፣ የይለፍ ቃላችሁን ሊዘርፍ ይችላል። ገንዘባችን ስልካችን ውስጥ ባለበት ዘመን ይህ ቀላል አደጋ አይደለም።

ግን አንሳሳት። ሩት ያደረገ ሰው የቤቱን ቁልፍ ራሱ አስቀርጿል። በሺዙኩ የሚጠቀም ሰው አከራዩ ባዋሰው ቁልፍ ነው የሚገባው። አከራዩ ደግ እስከሆነ ድረስ ልዩነቱ አይታይም። ቁልፉን የለወጠ ቀን ግን የቤቱ ባለቤት ማን እንደሆነ እናውቃለን።