ማረሻ የሚበላ ምድር

በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ፥ በ13ኛው ምዕራፍ፥ የነገሥታትና የጦር ነገር በሚተረክበት መካከል፥ አንባቢ ፈጥኖ የሚያልፈው አንድ ቃል ተጽፎ ይገኛል፤ ይኸውም በእስራኤል ምድር ሁሉ ብረት ሠሪ ታጥቶ ስለ ነበረ፥ ሕዝቡ ማረሻውንና መጥረቢያውን ለማሳል ወደ ጠላቶቹ ወደ ፍልስጥኤማውያን ለመውረድ ተገዶ እንደ ነበረ ነው። የግብርናን ታሪክ የሚጽፉ ሊቃውንት ስለ ዝናሙ፥ ስለ መሬቱ ሥሪትና ስለ ግብሩ ብዙ ይደክማሉ፤ ጫፉ ያለቀ ማረሻ ማን ዘንድ ሄዶ እንደሚታደስ የሚጠይቁት ግን ጥቂቶች ናቸው። እኔ የቶጎጫሌን ሜዳ ታሪክ ከዚህ ጥያቄ ልጀምር።

ቶጎጫሌ ከጅጅጋ በስተምሥራቅ፥ ሱማሌዎች ቶግ በሚሉት፥ ዝናም ሲጥል ብቻ በሚሞላ ወንዝ አጠገብ የተቆረቆረች የጠረፍ ከተማ ናት። በ1889 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከሬኔል ሮድ ጋር ከተዋዋሉ ወዲህ ሜዳው በወሰን ተከፍሏል፤ አፈሩ ግን ወዲህም ወዲያም አንድ ነው፤ ሲረጥብ ከእግር የሚጣበቅ፥ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ መረሬ ነው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን ከዘይላ ተነሥቶ በ1847 ዓ.ም. ሐረር የገባ ጊዜ፥ ማራር ብሎ የጠራውን ይህን ሜዳ ያየው ሰፊ የሣር ምድር ሆኖ ነው፤ ማሽላ ይታጨድ የነበረው በሜዳው ጠርዝ፥ በኮረብቶቹ ሥር ነበር። በሬ የሚጎትተው ማረሻ ከሐረርጌ በኩል ወደ ምሥራቅ እየተሻገረ ከወሰኑ ማዶ እስካለችው እስከ ገቢሌ ድረስ ሥር የሰደደው ከዚያ በኋላ፥ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መባቻ ነው።

ይህ መሣሪያ ሲመረመር ከእንጨትና ከጠፍር የተሠራው ክፍሉ ሁሉ የገበሬው የራሱ ነው፤ ሞፈሩ ቢሰበር፥ ድግሩ ቢነቃ፥ ምራኑ ቢበጠስ፥ ከጫካው ቆርጦ፥ ከቆዳው ጠፍሮ፥ እርሻው ሳይፈታ ይተካዋል። ማረሻውና ወገሉ ግን እሳትና ወናፍ ይሻሉ። መረሬ ብረት ይበላል፤ ጫፉ እያጠረና እየደነዘ በሄደ መጠን በሬው ይደክማል፥ ትልሙም ይሳሳል፤ ስለዚህ ማረሻ ማስቀጥቀጥ ዓመት በዓመት የሚመለስ ግዴታ ነው። ቀጥቃጩ ብረቱን በከሰል ውስጥ አግሎ፥ በጉጠት ይዞ፥ በመስፉ ላይ በመዶሻ እየመታ ጫፉን ካሾለ በኋላ፥ የፍሙን መልክ በዓይኑ መዝኖ ውኃ ውስጥ ይነክረዋል፤ ያለ ልክ የጋለውን ቢነክረው ብረቱ ድንጋይ ሲነካ እንደ ሸክላ ይሰበራል፥ ሳይነክረው ቢቀር ደግሞ ይታጠፋል። መላው ጥበብ ያለው በእነዚያ ጥቂት ቅጽበቶች ነው።

ይህን ያህል የሚያስፈልገውን ሰው አበው እንዴት እንዳኖሩት ሳስብ ልቤ ያዝናል። በደጋው ጠይብና ቡዳ እየተባለ ተሰደበ፤ በሱማሌው ዘንድ ቱማል ተብሎ ከጋብቻ ተለየ። ቱማል ማለት በምሥጢሩ ቀጥቃጭ ነው፤ ሁለቱ ሕዝቦች በየልሳናቸው ከመቀጥቀጥ ስም አወጡለት፥ በየልማዳቸውም አራቁት። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ተግባረ እድ የሚሠራውን ሰው እንዳይሰድቡ በአዋጅ መከልከላቸው በሥልጣኔ ታሪካችን ከድል አዋጆች እኩል ሊቈጠር የሚገባው ሲሆን፥ ልማዱ ግን ከአዋጁ በኋላ ብዙ ዘመን ኖረ።

ጅጅጋ በ1909 ዓ.ም. አካባቢ በፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ፕላን ቀጥ ባሉ መንገዶች ተከፋፍላ ከተማ ስትሆን የቀጥቃጩ ብረት ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ ገና መልስ አላገኘም ነበር። መልሱ የመጣው ባልታሰበ በኩል፥ ከካሚዮን ነው። በ1928 ዓ.ም. ኢጣልያ በወረራ ስትገባ መኪናዋንም ቋንቋዋንም ይዛ ገባች፤ ባሌስትራ፥ ፍሪሲዮን፥ ካምቢዮ የሚሉት ቃላት ወራሪው ከወጣ በኋላ በጋራዦቻችን ቀሩ። ሸክም የሚችለው ባሌስትራ ተቈርጦ በእሳት ሲገባ ከቀድሞው ለስላሳ ብረት ይልቅ የሚጸና ማረሻ ወጣው። የመኪናው አጥንት የበሬው መለዋወጫ ሆነ፤ ፋብሪካ ያላሰበውን ቀጥቃጩ አሰበ። በ1956 ዓ.ም. በጠረፉ ላይ ጦርነት ሲነሣ፥ በ1970 ዓ.ም. ጅጅጋ በሱማልያ ጦር ተይዛ በዚያው ዓመት ስትመለስ፥ ሜዳው የወደቀ ብረት አላጣም፤ ያጣው የሚያርሰውን ሰው ነው።

ዛሬ በዚህ ሜዳ ሱማሌዎች ዓገፍ የሚሉት ትራክተር በኪራይ ያርሳል። በሌላው ዓለም ደግሞ ነገሩ ከዚህም አልፏል፤ እ.ኤ.አ. በ1962 በአሜሪካ በኬንታኪ ሀሪ ያንግ የተባለ ገበሬ ሳያርስ መዝራት ከጀመረ ወዲህ፥ ገለባውን ቈርጦ፥ ጠባብ ስንጥቅ ከፍቶ፥ ዘሩን ጥሎ የሚዘጋ መዝሪያ ተስፋፍቷል። ማረሻን ያስቀረ ይመስላል፤ ነገር ግን የሚቈርጠው ክብ ሰሃን እንደ ማረሻው ጫፍ ያልቃል። ባነሰ ጊዜ ገለባውን መቍረጥ ትቶ ወደ ስንጥቁ አጥፎ ይወትፈዋል፥ ዘሩም አፈር ሳይነካ በገለባ ላይ ተኝቶ ይቀራል። መዝሪያውን ከሠራው ፋብሪካ ውጭ ያሉ ሠሪዎች ወፍራምና ጽኑ ሰሃን እየሠሩ የሚሸጡት ስለዚህ ነው፤ ሥራቸው የቀጥቃጩ ሥራ ነው። በቶጎጫሌ የማሽላው አገዳ የከብትና የግመል ቀለብ ስለሆነ፥ ያ መዝሪያ እዚህ ቢመጣ የሚታገለው ከገለባው ይልቅ ከደረቀው መረሬ ጋር ነው፤ ሰሃኑም ቶሎ ያልቃል፥ የሚተካው የት እንደሚሠራም አስቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል።

ከበርበራ ወደብ የተነሣ ዕቃ በቶጎጫሌ በር ይገባል፤ ሱማሌዎች ጉ የሚሉት የበልግ ዝናም ግን ዕቃ አይጠብቅም። ትራክተሩ አንድ ኩሽኔታ ጠፍቶለት በቆመበት ሳምንት እርጥበቱ ከመሬቱ ይሸሻል፤ በሬ ያለው ሰው ያን ጊዜ ባሌስትራ ማረሻውን በትከሻው አድርጎ፥ ገና ሳይነጋ ወደ ወናፉ ድምፅ ይሄዳል።