ከሳንባ ቁራጭ እስከ ስቴም ሴል፤ የከብት ሕክምና ጉዞ

በጋምቤላ ክልል፣ በተለይም በኑዌር ማኅበረሰብ ዘንድ፣ ጥሎሽ የሚሰጠው በከብት ነው፤ ካሣም የሚከፈለው በከብት ነው። በመሆኑም የከብት በሽታ ታሪክ የሕዝቡም ታሪክ ነው ማለት ይቻላል።

በባክቴሪያ ከሚመጡት መካከል አባ ሰንጋና አባ ጎርባ በአርቢው ዘንድ የታወቁ ናቸው። ከሁሉ አታላዩ ግን የከብት ሳንባ በሽታ ነው። አባ ሰንጋ በድንገት ሲገድል ይህ ግን ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት ተደብቆ ይቆያል። በበጋ ከብቶች ውኃና ሣር ፍለጋ ወንዝ ዳር ሲሰበሰቡ በትንፋሽ ይተላለፋል።

የአፍሪካ አርብቶ አደሮች ዘመናዊ ክትባት ከመምጣቱ በፊት የሞተ ከብት ሳንባ ቁራጭ በጤነኛው ቆዳ ሥር በመቅበር በሽታውን ይከላከሉ ነበር። ቤልጅየማዊው ሐኪም ሉዊ ቪሌምስም እ.ኤ.አ. በ1852 ከታመመ ሳንባ የተወሰደ ፈሳሽ በጅራት ጫፍ መውጋት እንደሚያድን አስታወቀ። አንዳንዱ ከብት ጅራቱን ያጣ ነበር፤ ቢሆንም ከሞት ይሻላል። ተህዋሲው ራሱ የታወቀው ፈረንሳውያኑ ኖካርና ሩ እ.ኤ.አ. በ1898 ሲያሳድጉት ነው። ከዚያም በታንጋኒካ ተህዋሲውን በእንቁላል ውስጥ 44 ጊዜ በማሳለፍና በማዳከም ቲ1/44 የተባለው ክትባት ተገኘ። በሀገራችን በ1956 ዓ.ም. በደብረ ዘይት (በአሁኗ ቢሾፍቱ) የተቋቋመው የእንስሳት ክትባት ማምረቻም ይህንኑ ያመርታል።

ክትባቱ ሕያው ስለሆነ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። ሙቀት ካበላሸው ከብቱን ውኃ ከመውጋት አይለይም፤ በጋምቤላ ፀሐይ ዋናው ችግር ይህ ነው። ማኅበራት ተባብረው የበረዶ ሣጥን ቢያዘጋጁ ብዙ ከብት ይተርፋል።

ኦክሲቴትራሳይክሊንን የመሳሰሉ አንቲባዮቲኮችም አሉ። ነገር ግን ግማሽ መጠን ወግቶ መተው ባክቴሪያው መድኃኒቱን እንዲለማመድ ያደርጋል። በውጭ ሀገር ተመራማሪዎችን ወደ ስቴም ሴል ያዞራቸው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ስቴም ሴል ወደ ልዩ ልዩ ሕዋሳት ሊለወጥ የሚችል መነሻ ሕዋስ ሲሆን ባክቴሪያ የሚገድል ንጥረ ነገር ያመነጫል፣ የሰውነትንም መከላከያ ይቀሰቅሳል። የአሜሪካው ኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት መድኃኒት የለመደ ኢንፌክሽን ለያዛቸው ውሾች ከአንቲባዮቲክ ጋር ሰጥተውት መሻሻል አይተዋል።

ሆኖም ሥራው ላቦራቶሪና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ለአንድ ውሻ የተደረገውን ለመንጋ ማድረግ ለጊዜው አይታሰብም። የላሬና የጂካዎ አርቢ እጅ ሊደርስ የሚችለው ክትባቱ ነው። እሱም የሚከላከለው ለአንድ ዓመት ያህል ስለሆነ በየዓመቱ መደገም አለበት።