ክንድ ውስጥ የሚቀረው ዘንግ

በ2001 ዓ.ም. መንግሥት አንድ ደፋር ውሳኔ ወሰነ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ኢምፕላኖንን በየቀበሌው እንዲያስገቡ ፈቀደ። ኢምፕላኖን ክብሪት እንጨት የምታክል ዘንግ ናት፤ ክንድ ላይ ቆዳ ሥር ትገባና 68 ሚሊግራም ሆርሞኗን ጥቂት በጥቂት እየለቀቀች ሦስት ዓመት እርግዝና ትከላከላለች። ውጤቱ በቁጥር ታየ። በ2003ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በክንድ የሚቀበረውን የሚጠቀሙት ከ100 ባለትዳር ሴቶች 3 ነበሩ፤ በ2008ቱ 8 ሆኑ።

ውሳኔው ግን ግማሽ ነበር። ሠራተኞቹ የሠለጠኑት ማስገባት እንጂ ማውጣት አይደለም። ለማውጣት ጤና ጣቢያ መሄድ ግድ ሆነ። ቦሌ ለምትኖር ሴት ይህ የታክሲ ጉዳይ ነው። ከሩቅ ቀበሌ ለምትነሣ እናት ግን ረጅም የእግር መንገድ ነው፤ ደርሳም የሚያወጣላት ላታገኝ ትችላለች። ልጅ ብትፈልግስ? የደሙ መዛባት ቢያማርራትስ?

ዘንጓ ለምን ራሷ አትሟሟም? አሜሪካዊው ሐኪም ጁዳ ፎክማን በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መድኃኒት በሲሊኮን ግድግዳ ቀስ እያለ እንደሚያልፍ አስተዋለ። ከዚያ ስድስት የሲሊኮን ቱቦዎች ያሉት ኖርፕላንት ተወለደ፤ ፊንላንድ በ1983 አጸደቀችው። ኢምፕላኖን ተከተለች፤ እሷም የማይሟሟ ፕላስቲክ ናት።

ሌላ መንገድ ግን ነበረ። ቀዶ ሐኪሞች በ1970ዎቹ ሰውነት ውስጥ የሚሟሟ ሰው ሠራሽ ክር መጠቀም ጀምረው ነበር። የዚያ ክር ዘመድ ከላክቲክ አሲድ፣ ማለትም እርጎን ከሚያኮመጥጠው አሲድ፣ ይሠራል። ውሃ ሰንሰለቱን ይቆራርጠዋል፣ የቀረውን ሰውነት ያስወግደዋል። በ1989 ለፕሮስቴት ካንሰር በየቀኑ ይወጋ የነበረው መድኃኒት በዚህ ተሸፍኖ የወር መርፌ ሆነ። ለሴቶችም የሚሟሟ ዘንግ፣ ካፕሮኖር፣ በ1980ዎቹ ተሞክሮ ነበር። ገበያ አልደረሰም።

አንዱ ምክንያት እውነተኛ ነው፤ መሟሟት የጀመረን ነገር ሐሳቧን ለቀየረች ሴት ሙሉውን መዞ ማውጣት ያስቸግራል። ይህን አልንቀውም። ነገር ግን የካንሰሩ መርፌ ከፋይ ነበረው፤ የገጠር ሴት ክንድ አልነበረውም። ልዩነቱን ያመጣው በዋናነት ይህ ይመስለኛል።

ቂሊንጦ ላይ በ2012 ዓ.ም. 279 ሄክታር የመድኃኒት ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቋል። እዚያ ክኒን ይሠራል ስንባል እናጨበጭባለን። የሚሟሟ ፖሊመርን ጉዳይ ግን ማንም ሲያነሣ አልሰማሁም። እስከዚያው ጤና ሚኒስቴር ስንት ዘንግ እንደገባ ሲነግረን፣ ስንት እንደወጣም አብሮ ይንገረን።