የአምባዛው ቡድን ወደ ቬጋስ ሲመጣ

1968ን ኢትዮጵያዊ አንባቢ የሚያስታውሰው በማሞ ወልዴ ነው (የዘመን ቁጥሩ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው)። ማሞ ኦክቶበር 20 ቀን ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ማራቶኑን ሲያሸንፍ፣ የአሜሪካ ቤዝቦል የፍጻሜ ውድድር ካበቃ ገና አሥር ቀኑ ነበር። በዚያ ውድድር የመጀመሪያ ጨዋታ የሴንት ሉዊሱ ወርዋሪ ቦብ ጊብሰን 17 መቺዎችን ኳስ አሳስቶ አሰናብቷል። ዓመቱ የወርዋሪዎች ዓመት ነበር። መቺዎች እጅግ ስለተዳከሙ የሊጉ አለቆች ደነገጡና ወርዋሪው የሚቆምበትን ጉብታ ለ1969 ከ15 ኢንች ወደ 10 ኢንች ዝቅ አደረጉት። ሰው በጣም ጎበዝ ሲሆንባቸው መሬቱን ቆረጡበት ማለት ነው።

ላስ ቬጋስ ለምንኖር ግን ከዚያ ዓመት ይበልጥ የሚቀርበን ሌላ ጨዋታ ነው። ሜይ 8 ቀን 1968 ኦክላንድ ውስጥ የ22 ዓመቱ ጂም ሀንተር የሚኒሶታን 27 መቺዎች ተራ በተራ አስወጣ። አንድም ሰው የመጀመሪያዋን ቤዝ ሳይረግጥ ጨዋታው 4 ለ 0 አለቀ። እንዲህ ያለውን ጨዋታ አሜሪካኖች ፍጹም ይሉታል። ያኔ ወርዋሪዎችም ይመቱ ስለነበር ከአራቱ ነጥቦች ሦስቱን ያስገባው የራሱ የሀንተር ዱላ ነው። ይህን ሁሉ በስታዲየሙ ተገኝቶ ያየው ሰው ግን ሰባት ሺህ እንኳ አይሞላም። ቡድኑ አትሌቲክስ ለከተማው ገና እንግዳ ነበር፤ እዚያ የመጀመሪያ ጨዋታውን ካደረገ ወር አልሞላውም።

ሀንተርን ሁሉም የሚያውቀው «ካትፊሽ» በሚለው ቅጽል ስም ነው፤ በእኛ አነጋገር አምባዛው። ስሙን ያወጣለት የቡድኑ ባለቤት ቻርሊ ፊንሊ ሲሆን፣ ልጁ በሕፃንነቱ ከቤት ጠፍቶ ዓሣ ሲያጠምድ ተገኘ የሚል ታሪክም ፈጥሮለታል። ለተጫዋቹ ስምና የልጅነት ታሪክ የሚደርስ ባለቤት ለከተማ ይራራል ብሎ መጠበቅ ከባድ ነው። ቡድኑ በ1901 ፊላደልፊያ ተመሠረተ፣ በ1955 ካንሳስ ሲቲ ገባ። ፊንሊ ደግሞ በ1967 መገባደጃ የሊጉን ፈቃድ አግኝቶ ወደ ኦክላንድ ወሰደው። የሚዙሪው ሴናተር ሳይሚንግተን በንዴት ኦክላንድን ከሂሮሺማ ወዲህ ዕድለኛዋ ከተማ ብለው ተሳለቁባት። ለካንሳስ ሲቲ በ1969 አዲስ ቡድን ተሰጣት። በዚያው ዓመት ሲያትልም ቡድን አገኘች፤ እሱ ግን አንድ ዓመት ብቻ ተጫውቶ ወደ ሚልዋኪ ሄደ።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን የቡድን ጉዞ «ስደት» ይሉታል። እኔ ቃሉ አይዋጥልኝም። ስደተኛ የሚገፋው አለ፤ ፊንሊን የገፋው የለም። መሄድ የማይፈልገውን ሰው ማየት ከፈለግን ያለው ከርት ፍለድ ዘንድ ነው። የጊብሰን የቡድን ጓደኛ የነበረውን ይህን ተጫዋች ሴንት ሉዊስ በኦክቶበር 1969 ሳያማክረው ለፊላደልፊያ አሳልፎ ሰጠው። በዘመኑ ደንብ የተጫዋች ውል ቢያልቅም ቡድኑ ካልለቀቀው ለሌላ መጫወት አይችልም ነበር። ፍለድ በገና ዋዜማ ለሊጉ ኮሚሽነር ቦዊ ኩን ጻፈ፤ እንደፈለጉ የሚገዙትና የሚሸጡት ንብረት አለመሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ነው። ጥቁር ሰው ይህን በ1969 ሲጽፍ ቃላቱ ምን እንደሚያስታውሱ ኩንም ሳይገባቸው አልቀረም። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1972 ፍለድ 5 ለ 3 ተረታ፤ የተጫዋችነት ዘመኑም ከዚያ በፊት አልቆ ነበር።

አምባዛው ተሻለው። በ1974 ፊንሊ በውሉ መሠረት ማስቀመጥ የነበረበትን 50,000 ዶላር ስላላስቀመጠ፣ ዳኛው ሀንተርን ነጻ አወጣውና ኒው ዮርክ በሚሊዮኖች ወሰደው። በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ ያው ዳኛ ደንቡን ለሁሉም ተጫዋቾች ሰበረው።

የከተሞች ነገር ግን ከ1967 ብዙም ፈቀቅ አላለም። በኖቬምበር 2023 የሊጉ 30 ባለቤቶች በሙሉ ድምፅ አትሌቲክስ ወደ ላስ ቬጋስ እንዲመጣ ፈቀዱ። ቀደም ብሎ ኔቫዳ ለስታዲየሙ እስከ 380 ሚሊዮን ዶላር የሕዝብ ገንዘብ መድባለች። ቦታው በ1957 የተከፈተው የትሮፒካና ሆቴል ነበር፤ በኤፕሪል 2024 ተዘግቶ በኦክቶበር በፈንጂ ፈረሰ። በዚህች ከተማ ያለን ሐበሾች ብዙዎቻችን የምንኖረው በታክሲ፣ በሆቴልና በካዚኖ ሥራ ነው፤ እንግዳ ሲበዛ እንጀራችን ይሰፋል፣ ሆቴል ሲዘጋ ደግሞ ወሬው ከእኛው ቤት ይጀምራል። ስለዚህ የቡድኑን መምጣት የሚናፍቅ ታክሲ ነጂ አልፈርድበትም። የኦክላንድን ደጋፊም አልፈርድበትም፤ በ1968 ከካንሳስ ሲቲ የተቀበለውን በ2024 አስረከበ።

ሀንተር በ1999 አርፏል። መለያ ቁጥሩ፣ ያን ቀን ካስወጣቸው መቺዎች ብዛት ጋር የተገጣጠመው 27፣ ከ1991 ጀምሮ ማንም እንዳይለብሰው ተደርጓል። ስታዲየሙ በ2028 ይከፈታል በተባለላት ቬጋስም 27 ቁጥርን የሚለብስ የአትሌቲክስ ተጫዋች አይኖርም።