ተለጣጭ ቫርኒሽ

ቆርቆሮው ላይ «ስፓር ቫርኒሽ» የሚል ጽሑፍ ያነበበ የመካነ ሰላም አናጺ ከስሙ የሚያገኘው ፍንጭ የለም። ስፓር በእንግሊዝኛ የመርከብ ሸራ የሚወጠርበት ምሰሶና አግዳሚ ነው። ነፋስ ሲመታው ይጎብጣል፣ ነፋሱ ሲያልፍ ይቀናል፤ የተቀባው ቫርኒሽ አብሮት ካልጎበጠ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከሙጫው ይልቅ ዘይቱ እንዲበዛ ተደርጎ የተሠራው ቫርኒሽ የምሰሶውን ስም ወረሰ። እኛ «የመርከብ ቫርኒሽ» ብንለው ለባሕር ሰው የሠራው ምሳሌ ለደገኛ አይሠራም። «የውጭ ቫርኒሽ» ደግሞ ይባስ ያሳስታል፤ ሱቅ ገብቶ እንዲህ ያለ ሰው ከውጭ አገር የመጣ ዕቃ የፈለገ ይመስላል፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ይነገረዋል። እኔ «ተለጣጭ ቫርኒሽ» እንበለው ባይ ነኝ፤ ምክንያቴም የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ አየር ነው።

መካነ ሰላም 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከፍታ 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ እዚህ በር ላይ የሚያርፈው ጨረር እንግዲህ በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ይበልጣል ማለት ነው። ክረምቱ እንጨቱን ያርሰዋል፣ በጋው ያደርቀዋል፤ ወደ ለጋምቦ ከፍ ሲሉ ደግሞ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ያወርዳል፣ ቀትሩ ግን ያቃጥላል። እንጨት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ይህም የሚታየው በርዝመቱ ሳይሆን በወርዱ ነው። በደንብ ሳይደርቅ በር የተሠራበት ባሕር ዛፍ ከሁሉም ይብሳል። ለጠረጴዛና ለቁም ሣጥን የተሠራው ቫርኒሽ ጠንክሮ ስለሚደርቅ ይህን እብጠትና መኮማተር መከተል አይችልም። መጀመሪያ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ያወጣል፣ በስንጥቁ ዝናብ ይገባል፣ በሚቀጥለው በጋ ቅርፊት ሆኖ ይነሣል።

ብዙ ሰው የሚከሰው ግን ክረምቱን ነው፤ «ውሃ የማያስገባ» የሚለው ስም ይበቃል የሚሉም ከዚህ ተነሥተው ነው። ከተላጠው በር ላይ አንድ ቅርፊት በጥፍር አንሥተው ይገልብጡት። ብዙ ጊዜ ጀርባው ላይ ግራጫ የእንጨት ጭረት ተጣብቆ ይገኛል። ቫርኒሹ እንጨቱን አልለቀቀም፤ እንጨቱ ራሱ ከላይ ፈርሷል። ብርሃን በሚያሳልፈው ቫርኒሽ ውስጥ ያለፈው ጨረር የእንጨቱን ጭረቶች የሚያያይዘውን ሊግኒን ሰባብሮታል፤ የዝናቡ ድርሻ የተሰባበረውን አጥቦ መውሰድ ነው።

እዚህ ላይ እኔ ባወጣሁት ስም ላይ የሚነሣ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፦ መለጠጥ ጨረር አይከላከልም። እውነት ነው። ደህና የሆነው ተለጣጭ ቫርኒሽ ጨረር የሚውጥ ንጥረ ነገር ይጨመርበታል፤ ገዢው ቆርቆሮው ላይ ይህን መፈለግ አለበት። ሆኖም የዘይት ቀለምም ጨረር ይከለክላል፣ እንዲያውም ከማንኛውም ብርሃን አሳላፊ ቅብ የበለጠ ዕድሜ አለው፤ የእንጨቱ መልክ መታየቱ ግድ የማይሰጠው ሰው ቀለም ይቀባና ይገላገል። ስም የሚያስፈልገው አንዱን ቫርኒሽ ከሌላው ለመለየት ነው፤ የሚለያቸውም መለጠጡ ነው። ጉድለቱንም ያው ስም ይናገራል፤ የሚለጠጥ ነገር ለስላሳ ስለሆነ ትኩስ ጀበና የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ላይ አይቀባም። የተልባ ዘይት ብቻውን ይበቃል ለሚሉት ደግሞ፣ ዘይቱ ይለጠጣል፣ ግን ሙጫ ስለሌለው ስስ ነው፣ በእርጥበትም ይሻግታል።

ተለጣጩም ቢሆን ፀሐይ በቀጥታ በሚመታው በር ላይ ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ እድሳት ይፈልጋል። ሳይላጥ፣ ገና ማንጸባረቁን ሲያጣ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ መድገም ከሥራ ያድናል። ለመካነ ሰላም ጥቅምት አጋማሽ ይመቻል፤ ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ የቀትር ፀሐይ ሳይበረታ። የበሩን የታችኛውን ጠርዝ አይርሱ፤ በቆመው ጣውላ ጫፍ ውሃ ከፊቱ ይልቅ ፈጥኖ ይገባል፣ ቀቢ ደግሞ አጎንብሶ የሚያየው እምብዛም ነው።